«ዓለም እንደ ድሮው አትሆንም» ተብሎ አልነበረም እንዴ? ታዲያ ምን ተለወጠ?

ጥቁር ሰሌዳ፦

ሰላም ለሁላችሁ።

የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። አንድ ነገር እየከነከነኝ ነው፤ እስቲ ሐሳብ ስጡበት።

ኮቪድ የጀመረ ሰሞን ሁሉም ሰው አፍ ላይ አንድ ንግግር ነበር፤ «ከዚህ በኋላ ዓለም እንደ ድሮው አትሆንም»። መጨባበጥ ቀረ ተባለ። ቢሮ የሚባል ነገር አበቃለት ተባለ። ነርሱ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ዕቃ አመላላሹ ከእንግዲህ ይከበራሉ ተባለ። አንዳንዱማ ሰው እርስ በርሱ ሊዋደድ ነው ብሎ ሁሉ ጽፎ ነበር።

አሁን ዞር ብዬ ሳይ ሰው እንደ ልቡ ይጨባበጣል። ወረፋ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ይቆማል። አጠገቡ ያለው ሲያስል ዞር የሚል እንኳ የለም። የእጅ ማጽጃው ጠርሙስ በየበሩ ባዶውን ተሰቅሎ ቀርቷል።

ክፍል ስገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ መደመርና መቀነስ ላይ የነበሩ ልጆች ዛሬ እኔ ዘንድ ደርሰዋል። ክፍልፋይ ስጀምር ዓይናቸው ይፈዛል። ሰነፎች አይደሉም። ማካፈል ሊጀምሩ ሲሉ ነው በሩ የተዘጋባቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ሒሳብ ደግሞ አብዛኛው ማካፈል ላይ ይቆማል። መጽሐፉ አይጠብቃቸውም፣ ፈተናውም አይጠብቃቸውም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ወረርሽኝ ካለፈ በኋላ ኅብረተሰብ የምር ይለወጣል? ወይስ ለጊዜው ደንግጦ ወደ ነበረበት ይመለሳል? የሚለወጥ ከሆነስ ምኑ ነው የሚለወጠው? ታሪክ የምታነቡ፣ ሕክምና ላይ ያላችሁ፣ በየሙያችሁ ያያችሁትን ንገሩኝ። «እግዚአብሔር ያውቃል» ብላችሁ ብቻ እንዳታልፉኝ።


አላምንም፦

ምንም አልተለወጠም እህቴ። ሰው ይረሳል፣ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1918 የተነሳው ኢንፍሉዌንዛ ቢያንስ 50 ሚሊዮን ሰው እንደገደለ ይገመታል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከሞተው ወታደር በብዙ ይበልጣል። ለወታደሮቹ በየአደባባዩ ሐውልት ቆሟል። በበሽታው ለሞቱት የቆመ ሐውልት አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አላየሁም። የኮቪዱም ከዚያ አይለይም።


ማኅደር፦

ስለ መርሳቱ እውነትህን ነው አላምንም። ሰው ረሳ ማለት ግን ምንም አልተለወጠም ማለት አይደለም። ትንሽ ልዘረዝር ነው፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መምህርት፣ ጥቁሩ ሞት ስለሚባለው የመካከለኛው ዘመን የወረርሽኝ መቅሰፍት ብዙ ጊዜ የሚወራው የታሪኩ ግማሽ ነው። ከ1347 እስከ 1351 ባለው ጊዜ ከአውሮፓ ሕዝብ ቢያንስ ሲሶውን ጨረሰ፤ ግማሹን ነው የሚሉም አሉ። እርሻው አለ፣ የሚያርሰው የለም። ከሞት የተረፈው ገበሬና የቀን ሠራተኛ ዋጋው ገባው። «አንተ ካልከፈልከኝ ማዶ ያለው ጌታ ይከፍለኛል» ማለት ጀመረ። አብዛኛው ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆምና «መቅሰፍቱ ድሃውን ነፃ አወጣው» ይላል።

ነገሩ እንዲህ የተቃና አልነበረም። እንግሊዝ ውስጥ ንጉሡ በ1349፣ ፓርላማው ደግሞ በ1351 ሕግ አወጡ። ደመወዝ ከመቅሰፍቱ በፊት ከነበረው እንዳያልፍ ተደነገገ። ሠራተኛም ጌታውን ጥሎ እንዳይሄድ ተከለከለ። አስቡት፤ የሟቹ አፈር ገና አልደረቀም፣ እነሱ የደመወዝ ጣሪያ ያወጣሉ። ሕጉ ደመወዙን ጨርሶ ሊያቆመው አልቻለም፤ ቂሙን ግን አጠራቀመው። በ1381 የነፍስ ወከፍ ግብር ሲጨመርበት ገበሬው አምፆ ለንደን ገባ። አመፁ ተደመሰሰ። ያም ሆኖ በዚያ አገር ገበሬውን ከጌታው መሬት ጋር ያሰረው ሥርዓት እየላላ ሄዶ ጠፋ።

ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ስትሄዱ ግን ተቃራኒውን ታገኛላችሁ። በተከታዮቹ ክፍለ ዘመናት ባለርስቶቹ ገበሬውን ከመሬቱ ጋር ጭራሽ አጥብቀው አሰሩት። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የእህል ንግዱም አለበት። ከምክንያቶቹ አንዱ ግን ገበሬው እዚያ የመደራደር አቅም ማጣቱ ነው። ስለዚህ «ወረርሽኝ ድሃውን ይጠቅመዋል» ወይም «ይጎዳዋል» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የት አገር፣ ማን ጉልበት ነበረው ብዬ ነው የምጠይቀው።

ሁለተኛው ነጥቤ ይህ ነው። የሚዘልቀው ለውጥ ሰው በየቀኑ ማስታወስ የማይጠበቅበት ዓይነት ነው። ለንደንን እዩ። ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም በ1854 የኮሌራ ሟቾችን ቤት እየዞረ ጠየቀ። ብዙዎቹ ብሮድ ስትሪት ላይ ካለ አንድ የውኃ ፓምፕ የቀዱ ሆነው ተገኙ። የፓምፑ እጀታ ተነቀለ። ከተማዋ ግን በዚህ ማስረጃ አልተንቀሳቀሰችም። በ1858 ሙቀቱ ሲበረታ የቴምዝ ወንዝ ግማቱ ፓርላማው ውስጥ ገባ፤ የምክር ቤት አባላቱም አፍንጫቸውን ያዙ። ገንዘቡ የተፈቀደው ያኔ ነው! ጆሴፍ ባዛልጌት የተባለ መሐንዲስ የፍሳሽ መስመሩን ገነባ። የሚያስቀው ደግሞ ከፈቀዱት ብዙዎቹ በሽታ የሚመጣው ከመጥፎ ሽታ ነው ብለው የሚያምኑ ነበሩ። በተሳሳተ እምነት ትክክለኛውን ሥራ ሠሩ። ሰዉ ኮሌራን ከረሳው ቆየ፤ ቱቦው ግን ዛሬም ከመሬት በታች ሥራውን ይሠራል።

ሌላም ትንሽ ነገር አለ። ድሮ በባቡር ጣቢያና በትምህርት ቤት የውኃ በርሜል አጠገብ አንድ ኩባያ ይቀመጥ ነበር፤ የመጣው ሁሉ በእሱ ይጠጣል። ሳንባ ነቀርሳው ባየለበት ዘመን የአሜሪካዋ ካንሳስ ግዛት በ1909 ከለከለችው። ሌሎቹም ተከተሏት፤ የወረቀት ኩባያ ተስፋፋ። ዛሬ ማንም ሳንባ ነቀርሳን ፈርቶ አይደለም በራሱ ኩባያ የሚጠጣው። በቃ እንዲያ ነው የሚጠጣው።

አላምንም፣ ለ1918ቱ ሐውልት አልቆመም አልክ። ግን እንግሊዝም ካናዳም በ1919 ራሱን የቻለ የጤና መሥሪያ ቤት አቋቁመዋል። እኔን ከሐውልቱ ይልቅ መሥሪያ ቤቱ ይሻለኛል።


አየር ማናፈሻ፦

ቱቦ ሲነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ እንጀራዬ ነው። ሕንፃ ላይ የአየር ማናፈሻ እገጥማለሁ፣ እጠግናለሁ።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ሁሉም ጠረጴዛ ሲወለውል ነበር የከረመው። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ በማርች 2020 ቫይረሱ በአየር አይተላለፍም ብሎ ጽፎ ነበር። ቃሉን የለወጠው ቆይቶ ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰው አፍ የሚወጣው ደቃቅ ጠብታ ግን እንደ ሲጋራ ጭስ ተንሳፍፎ ይቆያል። መውጫ ካጣ ይጠራቀማል።

መምህርት፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ካገኘሽ ክፍልሽ ውስጥ አስቀምጪው። ውጭ ያለው አየር ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 420 ገደማው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። መስኮቱ ተዘግቶ ልጅ የሞላበት ክፍል ውስጥ ቁጥሩ 2,000 ሲያልፍ ማየት የተለመደ ነው። አንዱ ልጅ ያስወጣውን ሌላው መልሶ እየሳበው ነው ማለት ነው። እንቅልፍ እንቅልፍ የሚላቸው ሁሉ በሒሳቡ ላይሆን ይችላል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አሽሬ የሚባለው የአሜሪካ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር በ2023 ደረጃ 241 የሚባል መመሪያ አወጣ። ሕንፃ በአየር የሚተላለፍ በሽታን እንዴት እንደሚከላከል የሚደነግግ ነው። ትልቅ እርምጃ ነው። ችግሩ መንግሥት ወይም ከተማ ሕግ ካላደረገው በስተቀር ማንንም አያስገድድም። እኔ የምሠራበት አንድ ሕንፃ በኮቪድ ጊዜ የውጭ አየር ማስገቢያውን ሙሉ በሙሉ አስከፍቶኝ ነበር። ድንጋጤው ሲያልፍ ኃላፊው ጠራኝና «የመብራት ወጪው በዛ፣ ወደ ድሮው መልሰው» አለኝ። ትእዛዝ ነው፣ መለስኩት። ደፍርሶ የመጣ ውኃ ቢሆን ተከራዩ ሁሉ ያብድ ነበር። አየር አይታይም፤ ስለዚህ ማንም አልጠየቀም።


የሌሊት ተረኛ፦

ነርስ ነኝ። ስለ ክብሩ እኔ ልመልስ።

ሰው በየመስኮቱ ቆሞ አጨበጨበልን። ደስ ይል ነበር፣ አልዋሽም። ጭብጨባው ሲያበቃ ፈረቃው ያው፣ ደመወዙም ያው። አብረውኝ ከነበሩት ጎበዝ ጎበዞቹ ሙያውን ትተው ሄዱ። የዓለም ጤና ድርጅት ከጃንዋሪ 2020 እስከ ሜይ 2021 ባለው ጊዜ ብቻ ከ80,000 እስከ 180,000 የሚሆኑ የጤና ሠራተኞች በኮቪድ ሳይሞቱ እንዳልቀሩ ገምቷል። ስለዚህ «ይከበራሉ» የተባለውን ተዉት።

ማኅደር ያልከው ደስ ይላል፤ አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። ሁሉም ነገር ቱቦ አይደለም። ሰው በጤና ባለሙያ ላይ ያለውን እምነት ምን ውስጥ ትቀብረዋለህ? በ2021 በዓለም ላይ 25 ሚሊዮን ሕፃናት መሠረታዊ ክትባታቸውን ሳይጀምሩ ወይም ሳይጨርሱ ቀሩ። ከፊሉ ጤና ጣቢያው ሥራ ስለበዛበት ወይም ስለተዘጋ ነው፤ ይህ ይጠገናል። ሌላው ግን አለ። ከኮቪድ በፊት የልጇን ክንድ ይዛልኝ «ውጊው» የምትለኝ እናት አሁን «ውስጡ ምን አለበት?» ትላለች። መጠየቋን እወደዋለሁ፤ ቁጭ ብዬም እመልስላታለሁ። ከዚያ ተነስታ ስልኳ ላይ ያየችውን ስታምን ነው የሚከብደኝ። ይህ ለውጥ ነው፣ እውነተኛ ለውጥ ነው። መጥፎ ነው እንጂ።

ሁሉንም አላጨልመው። ቢ/ያማጋታ የሚባል የኢንፍሉዌንዛ ዝርያ ነበር። ሰው ቤቱ ሲቀመጥና ጭንብል ሲያደርግ መተላለፊያ አጣ። ከማርች 2020 ወዲህ የት እንደገባ የለም፤ የተረጋገጠ ስርጭት አልታየም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 ከኢንፍሉዌንዛ ክትባት ውስጥ ይውጣ ብሎ መክሯል። ማንም ሳያቅደው አንድ ዝርያ ጠፋ! ይህን ለጓደኛ ስነግር አያምኑኝም።


አንድ ጎማ፦

ቢሮው ስላለው ነገር ማንም አላነሳም። እኔ በዊልቸር ነው የምንቀሳቀሰው። የሒሳብ መዝገብ ሥራ ነው የምሠራው። ለዓመታት «ከቤት ልሥራ» ስል መልሱ «አይቻልም፣ ሲስተሙ አይፈቅድም» ነበር። ወረርሽኙ መጣና ሁሉም ሰው ቤቱ ገባ። ሲስተሙ በሳምንት ውስጥ ፈቀደ።

አሁን «ሁላችሁም ተመለሱ» የሚል ደብዳቤ መጥቷል። ልዩነቱ ግን ከእንግዲህ «አይቻልም» ሊሉኝ አለመቻላቸው ነው። «አንፈልግም» ማለት አለባቸው፤ እሱ ደግሞ በጽሑፍ ሲሆን ያስቸግራቸዋል። እየተከራከርኩ ነው። በርግጥ ይህ ኮምፒዩተር ላይ ለምንቀመጥ ብቻ ነው። ሕንፃውን የሚጠርገው ሰው ያኔም ከቤት አልሠራም፣ ዛሬም አይሠራም።


ማኅደር፦

የሌሊት ተረኛ፣ ስለ እምነቱ የምመልስልሽ የለኝም፤ ልክ ነሽ። አንድ ጎማ፣ ያነሳኸው የ1349ኙ ክርክር ነው፤ «ከመቅሰፍቱ በፊት ወደነበረው ተመለሱ»። በርታ፣ ደብዳቤዎቹን ሁሉ አስቀምጣቸው።

መምህርት፣ የአንቺን ልጆች የሚመለከት ነገር ለመጨረሻ ያስቀመጥኩት ሆን ብዬ ነው። በ2005 ሰሜን ፓኪስታን ውስጥ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ። ትምህርት ቤቶች በአማካይ 14 ሳምንት ያህል ተዘጉ። ተመራማሪዎች ከአራት ዓመት በኋላ ሄደው ልጆቹን ፈተኗቸው። አደጋው አጠገብ የነበሩት ከሌሎቹ ከአንድ ዓመት ትምህርት በላይ ወደኋላ ቀርተው ተገኙ። የተዘጋው ለወራት ነው፤ ክፍተቱ ከዓመት በለጠ። ልጆቹ ሲመለሱ መምህሩ ከመጽሐፉ ጋር ወደፊት ሄደ፤ እነሱ ደግሞ መሠረቱን ስላልያዙ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየራቁ ሳይሄዱ አልቀሩም። እናታቸው አንደኛ ደረጃን የጨረሰች ልጆች ግን ይህ ጉዳት አልደረሰባቸውም።

መፍትሔ የሚመስል ነገርም አለ። ሕንድ ውስጥ ፕራታም የሚባል ድርጅት ልጆችን በክፍላቸው ሳይሆን በሚያውቁት መጠን እየመደበ ለቀኑ የተወሰነ ሰዓት ያስተምራል። አምስተኛ ክፍል ያለው ማካፈል ካልቻለ ከሦስተኛ ክፍሉ ጋር ማካፈል ይማራል። ተፈትኖ ውጤት የታየበት አሠራር ነው።


ጥቁር ሰሌዳ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የፓኪስታኑን ሳነብ ደነገጥኩ፤ የምናገረውን ነገር ሌላ ሰው ለክቶታል ለካ።

አንድ ጎማ፣ የደብዳቤውን ነገር የደረስክበትን ንገረን።

አየር ማናፈሻ፣ መለኪያውን እፈልጋለሁ፤ እስከዚያው መስኮቶቹን ከፍቼአለሁ፣ የበረደው ጃኬት ይልበስ።

ለሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ያሰብኩት ይህን ነው። መጀመሪያ ነጥብ የሌለው አጭር ፈተና እሰጣለሁ፤ መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛት፣ ማካፈል ብቻ። ከዚያ ጎን ካለችው ክፍል መምህርት ጋር ተነጋግረን በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ልጆቹን እንደ ደረጃቸው እንቀላቅላቸዋለን። እሷ እሺ ብላለች። ርዕሰ መምህሩ ግን «የዓመቱ ዕቅድስ መቼ ይሸፈናል?» ማለታቸው አይቀርም። ትልልቆቹ ልጆችም ከትንንሾቹ ጋር ተቀመጡ ሲባሉ ያፍራሉ። እነዚህን ሁለቱን እንዴት እንዳለፋችሁት፣ ሞክራችሁት የምታውቁ አስተማሪዎች ካላችሁ ጻፉልኝ።