ለቤዝ አናሎግ ሲንት (በኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ድምፅ የሚፈጥር መሣሪያ) ልግዛ ወይስ ሶፍትዌር ይበቃኛል?

ሰላም ጓዶች፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ትንሽ ስቱዲዮ አለችኝ፣ ቤዜ ቀጥኖ አስቸገረኝ፣ እንደ ሚኒሙግ (ታዋቂ የድሮ አናሎግ ሲንት) ወፈር ያለ ነው የምፈልገው፣ ብር አጠራቅሜ አናሎግ ልግዛ ወይስ በላፕቶፑ ልቀጥል?

መልስ፦ ወንድሜ ብርህን ያዝ። የ1970ው ሚኒሙግ ሦስት ኦሲሌተር (ድምፅ አመንጪ) እና በኦክታቭ 24 ዲቢ የሚቀንስ ፊልተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚቆርጥ) ነው፣ ሰርጅ ኤክስቲ በሚባል የሲንት ሶፍትዌር ላይ በነፃ ትሰራዋለህ፣ ሁለት ሶው ዌቭ (ሻካራ ድምፅ ያለው ሞገድ) ክፈት፣ አንዱን 5 ሴንት (ሴንት የግማሽ ቶን አንድ መቶኛ ነው) ብቻ ከፍ አርገው፣ ከስር ሳይን (ለስላሳ ሞገድ) ጨምር፣ ፊልተሩን ዝቅ። ደሞ መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ይሰራል እኮ

መልስ፦ እኔ አናሎግ ነው የምለው፣ ቁልፉን በእጅህ እያዞርክ ስትሰማ ጆሮህ ይማራል፣ በማውዝ እንደዛ አይሆንም። ብቻ እንደበራ አትቅዳ፣ እስኪሞቅ ቱኒንጉ (ቅኝቱ) ይንሸራተታል

መልስ፦ ቅድሚያ የምትቀመጥበትን ቦታ ቀይር! እኔ ለገጣፎ ወንበሬን ከክፍሉ መሀል ሳነሳው የጠፋው ቤዝ መጣ