ኢላስቲክሰርች ላይ የፓይተን ፕለጊን ጭኜ ፍለጋው ግማሽ ውጤት ያመጣል

ፒያሳ_ኮደር፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሥራ ማስታወቂያ ሳይት አለን። ፍለጋውን የሚሠራው ኢላስቲክሰርች 5.6 የሚባለው የፍለጋ ሶፍትዌር ነው፤ ሦስት ኖድ (አብረው የሚሠሩ ሦስት ሰርቨሮች)። ችግሬ የፊደል ነገር ነው። አሠሪው «የሽያጭ ኃላፊ» ብሎ ይለጥፋል፤ ሥራ ፈላጊው «ሀላፊ» ወይም «ሃላፊ» ብሎ ይፈልጋል። አይገናኙም። ፊደሎቹን አመሳስሎ የሚያወዳድር ስክሪፕት በፓይተን ጻፍኩ፤ ቲማችን የሚችለው እሱን ነው። ኢላስቲክሰርች ፓይተን እንዲያስኬድ የሚያደርገውን ፕለጊን (ተጨማሪ ሶፍትዌር) አንደኛው ኖድ ላይ ጭኜ ሪስታርት አደረግኩ። አሁን ፍለጋው ጎደሎ ውጤት ያመጣል፤ ሎጉ ላይ ፓይተን አይደገፍም የሚል ስህተት አለ። ምን ቀረኝ? አዳዲስ ማስታወቂያዎች ከላይ እንዲወጡም እፈልጋለሁ።

ማታ_ተረኛ፦
ፕለጊን በየኖዱ ነው የሚጫነው። ፍለጋው ወደ ሻርዶቹ (ዳታው ተከፋፍሎ ወደተቀመጠባቸው ክፍሎች) ይበተናል፤ ፕለጊኑ የሌለበት ኖድ ላይ ያለው ሻርድ ይወድቃል፣ ሌላው ይመልሳል። ጎደሎው የመጣው ከዚያ ነው። የፕለጊኑ ቨርዥን ከኢላስቲክሰርቹ ጋር እስከ መጨረሻዋ ቁጥር አንድ ይሁን። ኖዶቹንም በየተራ ያዛቸው። የሻርድ ድልደላውን ለጊዜው ገድብ፣ ኖዱን አቁመህ ጫንና አስነሳ፣ ድልደላውን ክፈት፣ ክላስተሩ (ኖዶቹ በአንድነት) አረንጓዴ ሲሆን፣ ማለትም ሻርዱ ሁሉ ቦታው ሲመለስ፣ ወደ ቀጣዩ እለፍ።

ሎግ_አንባቢ፦
ማታ_ተረኛ ያለው ልክ ነው። ግን ወንድሜ፣ እባክህ የቀሩት ሁለቱ ላይ አትጫነው። ከመጀመሪያውም አውጣው።

አንደኛ፣ ያ ፕለጊን ዕድሜ የለውም። 5.0 ላይ ፔይንለስ የተባለው የኢላስቲክሰርች የራሱ የስክሪፕት ቋንቋ ሲመጣ ፓይተን፣ ጃቫስክሪፕትና ግሩቪ ይቀራሉ ተባለ፤ 6.0 ላይ ሦስቱም ወጡ። ቨርዥን ባሳደግክ ማግስት ፍለጋህ ይቆማል። ውስጡ ያለውም ጃይተን (በጃቫ የተሠራ ፓይተን) ነው፤ ነምፓይን የመሰለ ላይብረሪ አይጠራልህም።

ሁለተኛ፣ ደኅንነት። ይህን ቀለል አድርገህ እንዳታየው። ከ1.2 በፊት ኢላስቲክሰርች ከውጭ የመጣለትን ስክሪፕት ዝም ብሎ ያስኬድ ነበር፤ 2014 ላይ አጥቂዎች በዚያ በኩል ሰርቨር ውስጥ ገቡ። ከዚያ ግሩቪ ታጥሮ ቀረበ። 2015 ላይ አጥሩ ተጣሰ፤ በ1.3.8 እና በ1.4.3 ዘጉት። የፓይተኑ ፕለጊን ደግሞ አጥር የሚባል የለውም። ፔይንለስ ግን ከተፈቀደለት ዝርዝር ውጭ ምንም አይነካም።

ዋናው ነገር፣ የአንተ ችግር ስክሪፕት አያስፈልገውም። ስክሪፕቱ በእያንዳንዱ ፍለጋ፣ በእያንዳንዱ ማስታወቂያ ላይ ይሮጣል። ፊደሉን ኢንዴክስ ስታደርግ (ማስታወቂያው ለፍለጋ ሲመዘገብ) አንዴ አመሳስለው። አናላይዘሩ (ጽሑፉን ለፍለጋ ወደ ቃላት የሚከፋፍለው) ላይ የማፒንግ ዓይነት ካራክተር ፊልተር (ፊደልን በፊደል የሚተካ) ጨምርና እንዲህ ጻፍ፦

ሐ => ሀ
ሓ => ሀ
ኀ => ሀ
ኃ => ሀ
ሃ => ሀ
ሑ => ሁ
ኁ => ሁ

እስከ ሳብዑ ድረስ እንዲሁ። ሠን ወደ ሰ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ዐን፣ ዓንና ኣን ወደ አ። አራተኛዋን ሃ ብዙ ሰው ይዘላታል፤ የአንተ «ሃላፊ» ግን ያለ እሷ አይገኝም። ፈላጊው የሚጽፈውም በዚያው አናላይዘር ስለሚያልፍ ሁለቱ ወገን ይገናኛሉ። ፕለጊን የለም፣ ሪስታርት የለም።

የነባር ፊልድ አናላይዘር አይቀየርም። አዲስ ኢንዴክስ ክፈት፣ ሪኢንዴክስ አድርግ (ዳታውን ወደ አዲሱ ገልብጥ)፣ ከዚያ አሊያሱን (ሳይቱ ኢንዴክሱን የሚጠራበትን ስም) ወደ አዲሱ አዙር። ሳይቱ አይቋረጥም።

ለአዳዲሶቹ ማስታወቂያዎች ፈንክሽን ስኮር በሚባለው የነጥብ ማስተካከያ ውስጥ ጋውስ አለ፤ በቀኑ ርቀት ነጥብ ይቀንሳል። እሱ ካልበቃህ ፔይንለስ ጻፍ፤ ተለዋዋጩን ቁጥር ግን ከስክሪፕቱ ለይተህ በፓራምስ ላክ። ስክሪፕቱ ውስጥ ከከተትከው ቁጥሩ በተለወጠ ቁጥር እንደ አዲስ ይኮምፓይላል፤ በ5.6 ያለው ገደብ ደግሞ በደቂቃ 15 ኮምፓይል ነው።

ፒያሳ_ኮደር፦
ገባኝ፣ ተባረክ። ቅዳሜ ማታ ሰው ሲቀንስ ሪኢንዴክስ አደርጋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ አሠሪው «ኃላፊ» ብሎ የለጠፈው ገጹ ላይ «ሀላፊ» ሆኖ ይታያል? ደንበኞቻችን ስለ ፊደል ቀልድ አያውቁም።

ሎግ_አንባቢ፦
አይታይም። የሚለወጠው ኢንዴክሱ ውስጥ ያለው ቃል ብቻ ነው፤ ሶርሱ (ዋናው ጽሑፍ) እንደተለጠፈ ይቀመጣል። ሃይላይት ብታደርግም ቀለም የሚገባው የአሠሪው «ኃላፊ» ላይ ነው። አሮጌውን ኢንዴክስ ግን ቶሎ አታጥፋው፤ ችግር ካየህ አሊያሱን መልሰህ ታዞራለህ።