እምነት ሳይኖር ለዲቪኒቲ ስኩል ማመልከት፦ የትኛው ዲግሪ? ድርሰቱስ?

ጸደይ

ሰላም ለሁላችሁ። የመጀመሪያ ዲግሪዬ በፍልስፍና ነው። እምነት የለኝም፤ ነገር ግን ሰዎች ሞትንና ሐዘንን በሃይማኖታቸው እንዴት እንደሚሸከሙት ማጥናት እፈልጋለሁ። ለሚቀጥለው ዓመት ከውጭ አገር ሆኜ ለአሜሪካ ዲቪኒቲ ስኩሎች (የሃይማኖት ትምህርትና የአገልጋይነት ሥልጠና ለሚሰጡ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች) ላመለክት ነው። እንደኔ ዓይነቱን ይቀበላሉ? ኤም ቲ ኤስ (የሥነ መለኮት ጥናት ማስተርስ) ይሻላል ወይስ ኤም ዲቭ (የአገልግሎት ሙያ ማስተርስ)? በማመልከቻው ድርሰት ላይ አማኝ አለመሆኔን ልናገር ወይስ ዝም ብዬ ልለፈው? ወደፊት በሆስፒታል ቻፕሊንነት (በሽተኞችን በመንፈሳዊ ጉዳይ በመደገፍ) መሥራትንም እያሰብኩ ነው።

ብራና

መቀበሉን ይቀበላሉ፤ ሁሉም ግን አይደሉም። "ዲቪኒቲ ስኩል" ወይም "ሴሚናሪ" (የሃይማኖት አገልጋዮች ማሠልጠኛ) የሚለው ስም ብቻውን ብዙ አይነግርሽም።

ሃርቫርድ ዲቪኒቲ ስኩል በ1816 ሲመሠረት ጀምሮ በየትኛውም ቤተ እምነት ሥር አይደለም። ክርስቲያኑ፣ ሙስሊሙ፣ ቡድሂስቱ፣ ሂዩማኒስቱ (ያለ ፈጣሪ ሰውን ማዕከል ያደረገ አመለካከት ያለው) እና ምንም ያልሆነው አብረው ይማሩበታል። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ወደ ምርምር ያደላ ነው፤ ፍልስፍና ለተማረ ሰው በጣም ይስማማል። የል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ክርስትናው ጎላ ብሎ ይታያል። የዱክ ዩኒቨርሲቲው ከሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ጋር የተሳሰረ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ደግሞ ፕሪንስተን ቲዮሎጂካል ሴሚናሪ ነው፤ ከፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ጋር አንድ ተቋም አይደለም፣ የፕሬስቢቴሪያን ሴሚናሪ ነው።

ብዙዎቹ የወንጌላውያን ሴሚናሪዎች የእምነት መግለጫ ያስፈርማሉ። ሳታምኚበት አትፈርሚ። የሞራል ጥያቄነቱን ትተን እንኳ፣ በማመልከቻ ላይ የተሰጠ ሐሰተኛ ቃል በኋላ ሊያስባርር ይችላል። የማመልከቻ ክፍያ ከመክፈልሽ በፊት የተማሪዎች መመሪያቸውን አውርጂና ሦስት ነገር ፈልጊበት፦ የእምነት መግለጫ፣ የአኗኗር ደንብ፣ የግዴታ ጸሎት ቤት መገኘት። ሦስቱም ከሌሉ በሩ ክፍት ነው ማለት ይቻላል።

ወደ ዲግሪው ስንመጣ፣ ኤም ቲ ኤስ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ የአካዳሚክ ዲግሪ ነው። የል ውስጥ አቻው ኤም ኤ አር ይባላል። ኤም ዲቭ ሦስት ዓመት ሲሆን የሙያ ዲግሪ ነው፤ የመስክ ሥራ አለው፣ የምክርና የእንክብካቤ ኮርሶች አሉት፣ እንደየትምህርት ቤቱም ስብከት ይኖርበታል። የሴሚናሪዎች እውቅና ሰጪ ማኅበር ለኤም ዲቭ የሚያስቀምጠው ዝቅተኛ መጠን 72 ክሬዲት ነው። ኤም ቲ ኤስ ብዙውን ጊዜ ወደ 48 አካባቢ ይሆናል። ቻፕሊንነት ካልሽ ይህ የቁጥር ልዩነት ወሳኝ ነው።

ቀለም ቀንድ

እኔ ግን ልጠይቅ፤ ለምን ዲቪኒቲ ስኩል? በሃይማኖት ጥናት ክፍል ኤም ኤ መማር ይቻላል፣ ማንም ስለ እምነትሽ አይጠይቅሽም።

ብራና

ይቻላል፤ ግን ሒሳቡ ላይ ችግር አለ። የዩኒቨርሲቲ ክፍሎች ገንዘባቸውን በአብዛኛው ለዶክትሬት ተማሪዎች ነው የሚያውሉት፤ በማስተርስ የሚቆም ተማሪ ብዙ ጊዜ ከኪሱ ይከፍላል። ዲቪኒቲ ስኩሎች ዋናው ተማሪያቸው የማስተርስ ተማሪ ስለሆነ እርዳታውም ወደዚያ ያመዝናል። ጸደይ፣ ዶክትሬት ካሰብሽ ደግሞ በሁለቱም መንገድ የሚፈለገው ቋንቋ ነው፦ አንድ የምንጭ ቋንቋ (ዕብራይስጥ፣ ግሪክ፣ ዓረብኛ፣ ሳንስክሪት...) እና ለምርምር የሚሆን የጀርመንኛ ወይም የፈረንሳይኛ ንባብ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከዜሮ ተነስቶ ሁለቱንም መጨረስ ከባድ ነው፤ ከመግባትሽ በፊት አንዱን ብትጀምሪ ጥሩ ነው።

የሌሊት ተረኛ

ስለ ቻፕሊንነት። "ኤም ቲ ኤስ ይዤ ልምምዱን ብጨምርበት ቻፕሊን እሆናለሁ" የሚል አስተሳሰብ አለ፤ ሰው የሚወድቀው እዚሁ ላይ ነው። የባለሙያ ቻፕሊኖች ዋናው የምስክር ወረቀት የሚጠይቀው 72 የድኅረ ምረቃ ክሬዲት፣ አራት ዩኒት ሲ ፒ ኢ (በሆስፒታል ውስጥ የሚሰጥ የክሊኒክ ሥልጠና)፣ 2,000 ሰዓት የሥራ ልምድና ከአንድ የእምነት ወይም የፍልስፍና ማኅበረሰብ የተሰጠ እውቅና ነው። በ48 ክሬዲት ከተመረቅሽ 24ቱን በኋላ ሌላ ቦታ መሙላት ሊኖርብሽ ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ስኮላርሺፕ የሚሰጥሽ የለም። ቻፕሊንነቱ ሐሳብ ብቻ ሳይሆን ዕቅድ ከሆነ ኤም ዲቭ ግቢ።

"እምነት የሌለው ሰው እውቅናውን ከየት ያመጣል?" ለሚለው፣ ከአሜሪካ ሂዩማኒስት ማኅበር ጋር የሚሠራው ሂዩማኒስት ሶሳይቲ ለቻፕሊኖች እውቅና ይሰጣል። ሌላው መንገድ ዩኒቴሪያን ዩኒቨርሳሊስቶች የሚባሉት የሃይማኖት ማኅበረሰብ ናቸው፤ አባል ለመሆን በፈጣሪ ማመንን አይጠይቁም። ሁለቱም ሒደት አላቸው፣ በአንድ ሳምንት የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ትምህርት እንደጀመርሽ ግንኙነቱን ጀምሪ።

አንድ የሲ ፒ ኢ ዩኒት ቢያንስ 400 ሰዓት ነው፤ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 100 ሰዓቱ በቡድንና ከአሠልጣኝ ጋር የሚደረግ ትምህርት ነው፣ ቀሪው በሽተኛው አልጋ አጠገብ ነው። በክረምት (በትምህርት ዕረፍት) የሙሉ ቀን ከሆነ ከ10 እስከ 12 ሳምንት ይወስዳል። ማመልከቻው ከዲቪኒቲ ስኩሉ የተለየ ነው፣ የሕይወት ታሪክ ድርሰትም አለው። በቃለ መጠይቁ ላይ ይህን ጥያቄ ጠብቂ፦ "በሽተኛው ጸልይልኝ ቢልሽ ምን ታደርጊያለሽ?"

"ይቅርታ፣ እኔ አላምንም" የሚል መልስ ከሥልጠናው ያስቀርሻል። አምናለሁ ብሎ ማስመሰልም እንደዚያው ነው፣ ጥሩ አሠልጣኝ ወዲያው ይነቃብሻል። የሚሠራው መሐል ላይ ያለው ነው፦ በሽተኛው ምን እንዲባልለት እንደሚፈልግ መጠየቅ፣ የሚወደውን መዝሙረ ዳዊት ወይም ሱራ ማንበብ፣ እሱ ሲጸልይ አብሮ መቀመጥ፣ ምሥጢረ ንስሐን ወይም ቁርባንን የመሰለ ሥርዓት ከጠየቀ ደግሞ የራሱን ካህን ቶሎ ማስጠራት። ይህንን ማድረግ የሚከብድሽ ከሆነ ሥራው ያንቺ አይደለም። ይህ ስድብ አይደለም፤ የሚከብዳቸው አማኞችም ብዙ ናቸው።

ኅዳግ

ድርሰቱን እኔ ልመልስ። ተናገሪው፤ አንዴ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ እለፊው። ከተደበቀ አንባቢው "ይህች ልጅ ለምን እኛ ጋ መጣች?" እያለ እስከ መጨረሻው ይጠራጠራል።

ከእምነት ውጭ ሆነው የሚጽፉ ሰዎች ሦስት ዓይነት ድርሰት ያበላሻቸዋል። አንደኛው ከልጅነት እምነቱ እንዴት እንደወጣ ሁለት ገጽ ይተርካል፤ የጥናት ጥያቄው የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ተጨምቆ ይቀራል። ሁለተኛው ክርክር ይገጥማል፦ ሃይማኖት ስንት ጉዳት እንዳደረሰ ይዘረዝራል፤ አብረውት የሚማሩት ግን አማኞች ናቸው። ሦስተኛው ከሁሉም የሚበዛው ነው፦ "ሁሉም ሃይማኖቶች ይስቡኛል።" ይህ ማንንም አያስቀይምም፣ ማንንም አያሳምንም።

ያንቺ ርዕስ ጥሩ ነው፤ ግን ሰፊ ነው። "ሞትና ሐዘን በሃይማኖት" ከማለት "ከሞት በኋላ ሕይወት የለም የሚሉ ሰዎች የቀብር ሥነ ሥርዓት ሲያዘጋጁ ከሃይማኖት ምኑን ይወስዳሉ፣ ምኑንስ ይተዋሉ?" ብትይ አንባቢው የትኛው መምህር ጋ እንደሚመድብሽ ያውቃል። ሁለት መምህራንን በስም ጥቀሺ፤ ከእያንዳንዳቸው ቢያንስ አንድ ጽሑፍ አንብበሽ ይሁን። በመግቢያሽ ዓመት ጡረታ የሚወጡ ወይም ለምርምር ፈቃድ የሚሄዱ መሆናቸውንም ከድረ ገጹ አረጋግጪ።

ለኤም ዲቭ ግን ጥያቄው ራሱ ይለያል፤ "ምን ታጠኛለሽ" ሳይሆን "ማንን ልታገለግዪ ነው" ነው የሚሉሽ። ለኤም ቲ ኤስ የጻፍሽውን ድርሰት እንዳለ ብትልኪላቸው ወዲያው ይታወቃል።

ጸደይ

እግዜር ይስጥልኝ (ልማድ ነው!)። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንዱ ፎርም "ቤተ እምነት" የሚል ሳጥን አለው፣ ከድጋፍ ደብዳቤዎቹም አንዱ ከሃይማኖት መሪ እንዲሆን ይጠይቃል። ሌላው ቪዛው ነው።

ኅዳግ

ሳጥኑ ላይ "የለም" ወይም "ሂዩማኒስት" የሚል ምርጫ ካለ እሱን ምረጪ። ለስታቲስቲክስና ለስኮላርሺፕ ድልድል ነው የሚጠቀሙበት፤ የምታጪው ቤተ እምነቶች ለራሳቸው አባላት የሚሰጡት ገንዘብ ብቻ ነው፣ በችግር መጠን የሚሰጠው አይነካም። ደብዳቤውን በተመለከተ ለቅበላ ቢሮው አጭር ኢሜይል ላኪ፦ "የሃይማኖት ማኅበረሰብ አባል አይደለሁም፤ በበጎ ፈቃድ ሥራዬ ኃላፊ የነበረ ሰው ሊጽፍልኝ ይችላል?" የሰጡሽን መልስ አስቀምጪው። አዎ ካሉ ጥሩ ነው። "አይሆንም" ካሉ ደግሞ ስለ ትምህርት ቤቱ የምትፈልጊውን ነግረውሻል።

የሌሊት ተረኛ

ቪዛው ኤፍ-1 (የተማሪ ቪዛ) ነው። አይ-20 (ለቪዛው የሚያስፈልገው የትምህርት ቤቱ ሰነድ) የሚሰጥሽ የመጀመሪያውን ዓመት ትምህርትና ኑሮ የሚሸፍን ገንዘብ ስታሳዪ ስለሆነ የስኮላርሺፕ ደብዳቤው ቀድሞ እጅሽ መግባት አለበት። ከምረቃ በኋላ የሚፈቀደው ሥራ፣ ኦ ፒ ቲ የሚባለው፣ 12 ወር ነው። የሳይንስና የቴክኖሎጂ ተመራቂዎች የሚያገኙት የ24 ወር ጭማሪ ለዚህ ዘርፍ የለም። የአንድ ዓመት የሲ ፒ ኢ ሬዚደንሲ (የሙሉ ሰዓት ልምምድ) ከያዝሽ 12 ወሩን እሱ ብቻ ይበላዋል፤ ለ2,000ው ሰዓት የሚተርፍ የለም።

ስለዚህ ቢያንስ አንዱን ዩኒት ትምህርት ላይ ሳለሽ፣ በክሬዲት ተይዞ፣ በሲ ፒ ቲ ፈቃድ (ተማሪ ሳለሽ ከትምህርቱ ጋር የተያያዘ ሥራ የሚያስፈቅድ) ሥሪው። በሙሉ ሰዓት ሲ ፒ ቲ 12 ወር ከሞላሽ ግን ኦ ፒ ቲው ጭራሹን ይቀራል፤ አንድ ወይም ሁለት ክረምት አያሰጋም። ፈቃዱ ሳይወጣ ሥልጠናውን እንዳትጀምሪ፣ ያለ ክፍያም ቢሆን መጀመሪያ የውጭ ተማሪዎች ቢሮን ጠይቂ።