ፍራፍሬ የገባበት ውሃ ለምን ይመራል?

ጥያቄ፦ ያለ ስኳር ሎሚና ብርቱካን ቆራርጬ ውሃ ውስጥ አሳድራለሁ። ጠዋት ስጠጣው ይመራል። ምን ይሻላል?

መልስ 1፦ የሚመረው ከልጣጩ ሥር ያለው ነጩ ክፍል ነው፤ በቆየ ቁጥር ምሬቱን ይለቃል። ፍሬውን እጠብና ከነነጩ ልጠህ ሥጋውን ብቻ ቁረጥ። ለ1 ሊትር ውሃ ግማሽ ብርቱካንና 2 ስስ ቁራጭ ሎሚ ይበቃል። ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ያህል አቆይተህ ፍሬውን አውጣው፤ ማሳደር አያስፈልግም።

መልስ 2፦ ጣፈጥ እንዲል እንጆሪ ወይም አናናስ በማንኪያ ጀርባ ጨፍለቅ አድርገህ ጨምር። ናና ከጨመርክ ግን አትጨፍልቀው፣ ሣር ሣር ይላል፤ በመዳፍህ መታ መታ ካደረግከው ይበቃል።

መልስ 3፦ ሙዝ እንዳታስገባ፤ ይጠቁርና ውሃውን ያደፈርሰዋል። ጁስ ጨምቆ ማጥለል ደግሞ ሌላ ነገር ነው፦ ቃጫው ማጥለያው ላይ ይቀራል፣ የፍሬው ስኳር ግን እዚያው ጁሱ ውስጥ ነው።