ከኮምሌክስ ሌላ ዩኤስኤምኤልኢም ልፈተን?

ሰላም ለሁላችሁም። አሜሪካ ውስጥ የኦስቲዮፓቲክ ሕክምና ትምህርት ቤት የ2ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ስመረቅ የምይዘው ዲግሪ ዲኦ ነው፤ እንደ ተለመደው የሐኪም ዲግሪ እንደ ኤምዲ ሁሉ ሙሉ ሐኪም ያደርጋል። ትምህርቱን እወደዋለሁ፣ በተለይ በእጅ የሚሰጠውን ሕክምና። ጣቶቼን ሰው ጀርባ ላይ አሳርፌ የትኛው አከርካሪ አልንቀሳቀስ እንዳለ ስለይ ደስታዬ ልዩ ነው።

የቸገረኝ ፈተናው ነው። ለእኛ ለዲኦ ተማሪዎች ግዴታው የሐኪምነት ፈቃድ ፈተና ኮምሌክስ ነው። የኤምዲ ተማሪዎች የሚወስዱት የፈቃድ ፈተና ዩኤስኤምኤልኢ ግን ለእኛ በምርጫ ነው። የሁለቱም የመጀመሪያ ደረጃ ከ2022 ጀምሮ ማለፍና መውደቅ ብቻ ሆኗል፤ ነጥብ የሚያሳየው ሁለተኛው ነው። ሐሳቤ የውስጥ ደዌ ነው። ቤተሰቤ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ስለሚኖር እዚያው አካባቢ ባለ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሬዚደንሲ (ከምረቃ በኋላ ያለው የስፔሻሊቲ ሥልጠና) መግባት እፈልጋለሁ።

ለሁለቱም ባንድ ላይ ማጥናት ጀምሬ ነበር። አልሆነም። የዩኤስኤምኤልኢ ጥያቄ ስሠራ ስውል ኮምሌክስ ላይ የሚመጡት የእጅ ሕክምና ርዕሶች፣ የሳክረም (የአከርካሪ ታችኛው አጥንት) ምርመራና የቻፕማን ነጥቦች፣ ይጠፉብኛል፤ ወደ እነሱ ስመለስ ባዮኬሚስትሪው ይሸሻል። ክፍያውም ድርብ ነው። የትምህርት ቤቱን አማካሪ ብጠይቃት "እንደ ፍላጎትሽ" ብላ ሸኘችኝ። ለፕሮግራሞች ኢሜይል ላክሁ፤ ከመለሱልኝ አንዳንዶቹ ኮምሌክስ ይበቃል፣ ሌሎቹ ዩኤስኤምኤልኢ ቢኖር ይመረጣል አሉኝ።

በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ዲኦዎች፣ የዩኤስኤምኤልኢን የመጀመሪያ ደረጃ (ስቴፕ 1ን) ትቼ ከኮምሌክሱ ጎን ሁለተኛውን (ስቴፕ 2ን) ብቻ ብወስድ የዩኒቨርሲቲ የውስጥ ደዌ ፕሮግራም ለመግባት ይጎዳኛል?