የጋራ ፕሮፖዛል፦ ከብርድ መጋዘን ወጥቶ የማይጠቁር የቺፕስ ድንች

ሰብሳቢ፦ ለሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል የምናስገባው ረቂቅ ይኸው። የምንጠይቀው በ4 ዲግሪ ከርሞ ሲጠበስ የማይጠቁር ዝርያ ነው። እነሱ ያዳቅላሉ፣ እኛ ማሳና መጋዘን እንሰጣለን። አስተያየት እስከ ዓርብ።

የጀልዱ አባል፦ አምና የሆነውን ታውቃላችሁ። ገዢው ናሙናውን ሲጠብሰው ጠርዙ ከሰል መሰለ፤ ጭነቱን ከነጆንያው መለሰ። ድንቹ አልበሰበሰም፣ አላቆጠቆጠም። ጥፋቱ ግን የገበሬው ተባለ። ብርዱ ነው ስታርቹን ስኳር የሚያደርገው፤ ስኳሩ ነው ሲጠበስ የሚጠቁረው። ይሄ በደማቁ ይጻፍ።

ሂሳብ ሹም፦ ገጽ 3 ላይ የሙከራ ዘይት በማህበሩ ወጪ ይላል። ማን ፈቀደ?

የጀልዱ አባል፦ በዘይት ምክንያት ሊቆም ነው?

ሂሳብ ሹም፦ የዘይት ዋጋ ጠፍቶህ ነው? በየወሩ ከየዝርያው ይጠበሳል። ዘይቱ ካልተቀየረ ደግሞ እሱ ራሱ ያጠቁራል፤ ሙከራው ዋጋ የለውም።

መጋዘን ጠባቂ፦ እናዋጣ በቃ።

የጀልዱ አባል፦ ለመጋዘኑ በርም አዋጥተናል። በሩ የታለ?

ሰብሳቢ፦ በሩን እዚህ አታምጣ።

የጀልዱ አባል፦ ለምን አላመጣም? ብሬ ነው!

ዘር አባዥ፦ ኧረ ጋሼ፣ ሁለታችሁም ረጋ በሉ። ከማዳቀል እስከ መለቀቅ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። እስከዚያ ማን ይጠብቃል? ማዕከሉ እጁ ላይ ካሉት እጩ ዝርያዎች ይስጠን። በለጠና ጉደኔ ከሚባሉት የድንች ዝርያዎች ጋር አስከርመን እንጥበሳቸው። ከብርድ የወጣውንም ሁለት ሦስት ሳምንት በ15 እና በ18 ዲግሪ መካከል ብናቆየው ከስኳሩ የተወሰነው ይቀንሳል። ሁሉም ዝርያ ግን እኩል አይመለስም፤ መለየት ያለብን እሱን ነው።

ሰብሳቢ፦ መዝገብ ማን ይይዛል?

መጋዘን ጠባቂ፦ እኔ አለሁ።

ሂሳብ ሹም፦ ዘይቱስ?

ዘር አባዥ፦ ግማሹን እኔ እችላለሁ። አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

የጀልዱ አባል፦ እሺ፣ የቀረውን እኔ። ስለ በሩ ግን በስብሰባ እንነጋገራለን።

ሰብሳቢ (ሐሙስ)፦ ረቂቁ ታርሟል። ከብርድ የወጣው ድንች የሚቆይበት ሞቅ ያለ ክፍል ማሠራት አንደኛ ሆኗል፣ እጩዎችን መፈተን ሁለተኛ። ማዳቀሉ ወደ አባሪ ሄዷል። መጋዘን ጠባቂው ስልክ አያነሳም፤ መዝገቡን የሚይዝ ሌላ ሰው ይጠቆም።

የጀልዱ አባል፦ ክፍል ዝርያ አይሆንም። ክፍሉ ሲበላሽ ድንቹ ያው ነው። ማዳቀሉን ከአባሪ ካላወጣችሁት አልፈርምም።

ዘር አባዥ፦ እኔ ፈርሜያለሁ። መዝገቡንም ስጡኝ፤ ምርቱ መጋዘን ሳይገባ ናሙና ልለይ።