የእናታችንን ቤት ከመሸጣችን በፊት ምኑን እናስተካክል?

የጠባሴው ልጅ
ደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ የሚገኘውንና ከእናታችን የወረስነውን ቤት ለመሸጥ ከእህቴ ጋር ተስማምተናል። ግድግዳው በጭቃ የተመረገና በኖራ የተቀባ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሊሾ ነው። ደላላው «ወለሉን ሴራሚክ፣ ኮርኒሱን ጀሶ ካላደረጋችሁት ከአዲስ አበባ የሚመጣ ገዢ ዞር ብሎም አያየው» ይለናል፤ እህቴ ደግሞ ሳሎኑን የዘይት ቀለም ቀብተን፣ ክረምት ክረምት እርጥበት የሚታይበትን የጓሮ በኩል ግድግዳ በቡፌው እንከልለው ትላለች። ገንዘባችን ውስን ስለሆነ ከምን መጀመር እንዳለብን ብትመክሩን እናመሰግናለን።

ግንበኛው
ሴራሚኩን ይተዉት፤ ገዢው ቤቱን በራሱ ምርጫ ማደሱ ስለማይቀር፣ ያወጡት ገንዘብ በዋጋው ላይ ተመልሶ ላይገኝ ይችላል። እርጥበቱን ግን ከሥሩ ይዩት። እንዲህ ያለ ነገር ብዙውን ጊዜ የሚመጣው አሸንዳው ተቀድዶ ወይም የጓሮው አፈር ከፍ ብሎ የዝናቡ ውሃ መሠረቱ ሥር ሲተኛ ነው፤ ስለዚህ አሸንዳውን አስጠግነው፣ አፈሩን ዝቅ አድርገው፣ ውሃው ከግድግዳው ርቆ የሚፈስበት ቦይ ያስቆፍሩ፤ ግድግዳው በደንብ ከደረቀ በኋላም ኖራውን ደግመው ይቀቡት። የዘይት ቀለም በጭቃ ግድግዳ ላይ እርጥበቱን አፍኖ ይይዝና ጥቂት ቆይቶ እያበጠ ይላጣል፤ ኖራ ግን ግድግዳውን ያስተነፍሰዋል፣ ዋጋውም ቀላል ነው።

ባለጓሮዋ
እኔ የራሴን ቤት ስሸጥ ትልቁን ለውጥ ያየሁት ዕቃ በማስወጣት ነው። ሳሎኑን ያጣበቡትን ሶፋዎችና ሣጥኖች ግማሹን ለዘመድ ሰጥቼ፣ መጋረጃውን አጥቤ፣ የመስኮቱን መስታወት ስወለውለው ቤቱ የሰፋ መሰለ። የኩበት ጭስ የለመደው ሰው ሽታው አይሰማውም፤ እንግዳ ግን ከበሩ ጀምሮ ይሰማዋል፤ ስለዚህ ማድ ቤቱን አስጠርገው ቤቱን ለቀናት ያናፍሱት።

የቀጠሮውንም ሰዓት ያስቡበት። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ በታኅሣሥ ውርጭ ከጧቱ 1 ሰዓት የጠራሁት ገዢ ኮቱን እንደጠቀለለ ሁለት ክፍል አይቶ ሄደ። ሁለተኛውን ፀሐይ ሳሎኑ ውስጥ በምትገባበት በ4 ሰዓት ቀጠርኩት፤ ቡናም አፍልቼ ጠበቅኩት። ለማባበል ይሁን ለወግ፣ እኔም አልለየሁትም።

ከሸዋ ሮቢት
በኛ ቆላ ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥላና ነፋስ ነው፤ የፀሐዩ ነገር ለናንተ ደጋ ነው። ስለ ቡፌው ግን አንድ ነገር ልጨምር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩን ለተሸጠው ነገር ጉድለት ተጠያቂ ስለሚያደርገው፣ እያወቁ የሸፈኑት እርጥበት ከሽያጭ በኋላ ክስ ሊያስከትል ይችላል። ወራሾች ከሆናችሁ ደግሞ ከቀለሙ በፊት የወራሽነት ማስረጃውን ከፍርድ ቤት አውጥታችሁ፣ ካርታውን በስማችሁ አዛውሩ፤ ቤቱን ወዶ የመጣ ገዢ ወረቀት ሲጓደል ይሸሻልና።

የጠባሴው ልጅ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ መሰላል ተውሼ ስወጣ አሸንዳው ከጓሮው በኩል እውነትም ተቀድዶ አገኘሁት። እህቴም በኖራው ተስማምታለች፤ ቡፌውን ማን ይውሰድ በሚለው ላይ ግን ገና አልተግባባንም።